ያልተከፈቱት ሁለት ዕጣዎች

ቅዳሜ፣ የካቲት 9 ቀን
ከጥራዝ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህ ደህና ናት? ቁንጥንጧ የልጅ ልጄስ? ጥርስ አወጣች ብለህ ከጻፍክ ወዲህ እናትህ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ትናገራለች፤ ትናንት ለፖስታ አዳዩ እንኳ ነገረችው። እኛ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። እኔም ያው ነኝ፤ ከወረቀት ጋር ስታገል እውላለሁ።

ዛሬ ማተሚያ ቤቱ ግማሽ ቀን ነው። ሠራተኛው ወጥቶ እኔ ብቻዬን መቁረጫ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ ያልተጠረዘ የተማሪ ደብተር ተከምሯል፤ ሙጫው በጣሳው ውስጥ ቆዳ እያወጣ ነው። ቤት ሆኜ አራት ጊዜ ልጽፍልህ ጀምሬ አራቱንም ቀደድኩ። አራተኛውን ስቀድ እናትህ አይታኝ፣ "ወረቀት የምትቆርጠው መሥሪያ ቤት አይበቃህም?" አለችኝ። ስለዚህ እዚህ መጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ቅጠል ወረቀት ያለ ምክንያት ሳላበላሽ የኖርኩበት ቦታ ስለሆነ፣ እዚህ መቅደድ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደውዬልህ ነበር። በመጀመሪያው ስለ ዝናቡ ጠየቅሁህ። በሁለተኛውም ስለ ዝናቡ ጠየቅሁህ። አንተም ሳቅህ መጥቶ፣ "አባዬ፣ እርሻ ልትጀምር ነው እንዴ?" አልከኝ። ስለ ዝናቡ ግድ የለኝም፣ ልጄ። የምናገረው ሌላ ነበር፤ "አባዬ" ስትለኝ እሱን ትቼ ስለ ዝናቡ ቀጠልኩ።

ደብዳቤህ ከደረሰን አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሣ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከአራት እሑድ በኋላ እጅ ተጭኖብህ ሙሉ መጋቢ እንደምትሆን፣ ቃል ኪዳኑም የዕድሜ ልክ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ግን በጉባኤው ፊት ቆመህ እንዴት እንደተጠራህ መመስከር እንዳለብህ ጻፍክ። ቀጥሎ ያለውን ራስህ የጻፍከውን መልሼ ልጻፍልህ፤ ሌላ ቃል የለኝምና።

"አባዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ስጸልይ ግድግዳ የማናግር ከመሰለኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ጓደኞቼ 'ጌታ ተናገረኝ' ሲሉ እቀናለሁ። እኔን ግን አንድ ቀን ተናግሮኛል፤ እሱ ይበቃኛል። ዕጣውን ሳወጣ እጄ መጀመሪያ ሌላ ወረቀት ይዞ ነበር። ለቅቄው ይቺን አወጣሁ። እጄን ያዞረው ማን ነው? ሲከፋኝ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አውጥቼ አያታለሁ። የዚያን ቀን ነገር አንድ ሳታስቀር ጻፍልኝ። በጉባኤው ፊት ልክ እንደሆነው መናገር እፈልጋለሁ።"

እሺ። ልክ እንደሆነው።

በቤታችን ዕጣ ማውጣትን ያመጡት አያትህ እንደሆኑ ታውቃለህ። የትኛውን ቤት እንከራይ፣ የትኛው ሐኪም ጋ እንሂድ፣ ለሚያጨቃጭቀው ሁሉ ወረቀት ይቆረጣል፣ ይጸለያል፣ ይወጣል። ለመጋረጃ ቀለም ዕጣ ስናወጣ እናትህ፣ "እግዚአብሔር ለመጋረጃዬ ጊዜ ካለው እኔ ምን ቸገረኝ" ብላ የሳቀችብንን አትረሳውም። የአያትህ ሕግ አንድ ነበረች፤ የወጣው ከወጣ የቀረው አይከፈትም። የቀረውን መክፈት አምላክን መጠራጠር ነው ይሉ ነበር፤ ሳይገለጥ እሳት ውስጥ ይገባል። ያቺን ሕግ አንተም እኔም አክብረናት ኖርን። ለሌባ ምን ያህል እንደምትመች ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመትህ ነበር። ትምህርት ጨርሰህ ቤታችን ሦስት ቦታ ተከፈለ። እናትህ ፋርማሲ ይማር አለች። አንተ የማሽን ጥገና አልክ፤ የትምህርት ቤቱን ማመልከቻም ሞልተህ ትራስህ ሥር አድርገኸው ነበር፤ አንሶላ ሳነሣ አግኝቼው መልሼ አስቀመጥኩት። እኔ ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገብተህ ወንጌል አገልግል አልኩ። ሦስት ወር ተነታረክን። በመጨረሻ አንተ ራስህ፣ "አባዬ፣ ዕጣ እናውጣ። የወጣውን እቀበላለሁ" አልክ። ያን ያልከው እኔን ስላመንከኝ ነው።

ወረቀቱን የቆረጥኩት አሁን በተቀመጥኩበት ማሽን ነው። ከመዝሙር ደብተር ሽፋን የተረፈ ክሬም መልክ ያለው ጠንካራ ወረቀት ነበር። ሦስት ቁራጭ፣ እኩል፣ ማንም ዳብሶ እንዳይለያቸው አድርጌ። ስጠነቀቅ ብታየኝ ትስቅ ነበር። ያን ሁሉ ጥንቃቄ ምንም አያስፈልገውም ነበር፤ ሦስቱም ላይ የጻፍኩት አንድ ነገር ነውና።

ሦስቱም "የወንጌል አገልግሎት" ነው የሚሉት፣ ልጄ። ፋርማሲ የሚል አልነበረም። ጥገና የሚልም አልነበረም።

ይኸው ጻፍኩት። ዘጠኝ ዓመት የፈራሁት አንድ መስመር ነው፤ ጽፌ ስጨርሰው ግን ቀለል አላለኝም።

እናትህ የአዝራር ቆርቆሮዋን ገልብጣ ባዶውን አመጣች። ተንበረከክን። የጸለይኩት እኔ ነበርኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህን ግለጥልን" አልኩ። እጅህን ከተትክ። አንዱን ያዝክ፣ ለቀቅህ፣ ሌላውን አወጣህ። ያን ቅጽበት አንተ ብቻ የተሸከምከው እንዳይመስልህ። አንዱን ለቅቀህ ወደ ሌላው ስትሄድ እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር። ምን ያስደነግጥሃል በለኝ እንጂ! የትኛውንም ብታወጣ ያው መሆኑን የማውቅ ሰው፣ እንዳንተው ጓጉቼ ጠበቅሁ። ወረቀቱን ገልጠህ ስታነብ ፊትህ ላይ የነበረ አንድ ነገር ጠፋ። አየሁት። አይቼውም "ሃሌ ሉያ" ብዬ ጮኽኩ።

እጄን ያዞረው ማን ነው ብለህ ጠይቀኸኛል። አላውቅም። ማንም ቢያዞረው ግን ከእኔ ጽሑፍ የሚያመልጥበት ቦታ አላስቀረሁለትም።

ለምን ብትለኝ፣ መልሱ ከአንተ በፊት የጀመረ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ጠርተውኝ፣ "ልጄ፣ አንተን ለአገልግሎት እንፈልግሃለን፤ ወደ ትምህርት ቤቱ እንላክህ" አሉኝ። ሥራ ልያዝና አልኩ። ያዝኩ። ትዳር ልያዝና አልኩ። ያዝኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ሰው የለም። ግን በየእሑዱ ሰባኪው "ማን ይሄድልኛል" ባለ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። አንተ ስትወለድ፣ እንግዲህ ይሄ ይሄድልኛል አልኩ። ስጠራ "አቤት" ሳልል ቀርቼ ልጄን ገፍቼ ላክሁት። ሰው ለገዛ ጥሪው ምትክ እንደማይልክ ለማወቅ ፀጉሬ መሸበት ነበረበት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የሌላው እንጃ፤ የእኔ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ከበደ። ስትመረቅ ከበደ። ሰዎች "የተባረክ አባት" ብለው እጄን ሲጨብጡኝ ከበደ። ከሁሉ የከበደው ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት ልትጠይቀን የመጣህ ቀን ነው።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ በሙሉ ልብስህ ማተሚያ ቤት ድረስ መጣህ። ማጠፊያ ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ወረቀት እያኘከ አላሠራ ብሎን፣ ፎርማኑ እየተራገመ ነበር። አንተ ኮትህን አውልቀህ በደብተሮቹ ላይ ጣልከው፤ እጅጌህን ሰብስበህ ከሥሩ ገባህ። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው ቆየህ። ስትወጣ ግንባርህ ላይ ግራሶ ነበር፤ ማሽኑም እንደ ልጅነቱ ይዘል ጀመር። ፎርማኑ፣ "ይሄን ልጅ የት ደብቀኸው ነው የከረምከው?" አለኝ። አንተ ከቧንቧው ሥር እጅህን ስትታጠብ ረጅም ጊዜ ቆየህ።

"አባዬ፣ እጄ ይናፍቀዋል" አልከኝ።

"ምኑን?"

"ይሄን።"

ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር። ሰው የለም፣ አንተ አለህ፣ ሳሙናው በእጅህ ነው። እኔ ግን ምን አልኩ? "የጌታ ሥራ ይበልጣል፣ ልጄ" አልኩህ። ፎጣ አቀበልኩህ።

አሁንም ስለ ደብዳቤህ አንድ ነገር ልበል፤ አትቆጣኝ። ገጽ መቁጠር ሥራዬ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኛል። ከአራቱ ገጽ አንዱ ተኩል ስለ ውሃ ፓምፕ ነው። የግቢው ፓምፕ ተበላሽቶ ሁለት ቀን እንደፈታታኸው፣ የሚያፈስበትን ቦታ ከአሮጌ ጎማ በቆረጥከው ላስቲክ እንደደፈንከው፣ ሚስትህ "መጋቢ ነህ ወይስ መካኒክ?" ብላ እንደሳቀችብህ፣ ውሃው ሲመጣ ከልጅህ ጋር እንደጨፈርክ። ሥዕል ሁሉ ሥለህልኛል። ስለ ስብከትህ የጻፍከው ሦስት መስመር ነው።

ይሄን ሳስብ ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ ያቺ ሴት አለች። ልጇ ከሞተባት ወዲህ ከሰው ጋር አልናገርም ብላ ከርማ፣ አንተ ምንም ሳትሰብካት በየቀኑ እየሄድክ ዝም ብለህ አጠገቧ ትቀመጥ ነበር አልክ። አንድ ቀን እጅህን ይዛ አለቀሰች፣ ከዚያም ምግብ ቀመሰች። ይሄስ የማን ሥራ ነው? እኔ በሐሰት በር ያስገባሁህ ቤት ውስጥ አንተ እውነተኛ ነገር ሠርተሃል። ተወው እንዳልልህ ያቺ ሴት አለች። ቀጥል እንዳልልህ ፓምፑ አለ። አእምሮዬ ከሁለቱ መሃል ቆሞ ቀረ።

እንዲያውም ምንም ብል ያው ነው። ተወው ብልህ አንድ ዕጣ መጻፌ ነው፤ ቀጥል ብልህም ሌላ ዕጣ መጻፌ ነው። የምትኖሩበት ቤት የቤተ ክርስቲያኒቱ መሆኑን አውቃለሁ። ሚስትህ የመጋቢ ሚስት ልትሆን አስባ ነው ያገባችህ። በሃያ ሰባት ዓመትህ ከልጆች ጋር ክፍል ገብተህ ተማር እንዴት ይባላል? ብትመጡ እኛ ጋ ሁለት ክፍል አለ፤ እንጣበባለን፣ እንኖራለን። ግን ኑ ማለቴ አይደለም። አትምጡ ማለቴም አይደለም። አየህ፣ እንዲህ ነው የሆንኩልህ። የሰው ልጅ አባቱን ምክር ይጠይቃል፤ አንተ የጠየቅከው አባት ምክሩን ሁሉ በአንድ ቀን ጨርሶታል።

ጸልይበት እንዳትለኝም። ተንበርክኬ አይቼዋለሁ። የማናግረው ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንደነበረ የሚያውቀውን ነው፤ ምን ብዬ ልጀምርለት?

አሁን የእናትህን ነገር ልንገርህ። ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሳነብላት ልብስ ትሰፋ ነበር። "እጄን ያዞረው ማን ነው" የሚለው ላይ ስደርስ የስፌት መኪናውን አቆመች። ተነሥታ የመኪናውን መሳቢያ ሳበችና፣ በሰማያዊ ክር የታሰረ ትንሽ ነገር አውጥታ መነጽሬ አጠገብ አስቀመጠችው። የታጠፉ ሁለት ወረቀቶች ነበሩ። ክሬም ቀለም። የቆረጥኩትን አላጣውም።

የዚያን ቀን እሳት ውስጥ ልጨምራቸው ኮቴ ኪስ ከትቼ ረስቼያቸው ነበር። ኮቱ ታጥቦ ሲሰጣ ኪሱን ብዳብሰው ባዶ ነው፤ ውሃ በላቸው ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ። ለዚህ እንኳ አመስግኜዋለሁ።

"ከፈትሻቸው?" አልኳት።

"ከፈትኳቸው" አለች። "የአባትህ ሕግ እኔን አላሰረኝም።"

"ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ ትናገራለህ ብዬ።" ክሩን በጣቷ ታሻሽ ነበር። "ዛሬ ይነግረዋል፣ ነገ ይነግረዋል አልኩ። ከዚያ ትምህርቱን ጨረሰ። ከዚያ አገባ። ከዚያ ልጅ ወለደ። በመጨረሻ ዝም ማለቴ ካንተ መጻፍ እኩል ሆነ። አሁን ማንን ልውቀስ?"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እናትህ ስትቆጣ መልስ አላጣም፤ ስታዝን ግን የምገባበት ይጠፋኛል። ቀጥላ፣ "ይቅር በለኝ ብለህ ጻፍለት፤ ከሥሩ እኔንም ጨምረኝ" አለች። ስለዚህ ይቅር በለን። እኔ የሠራሁትን በሁለት አትክፈለው፤ የእሷ ድርሻ ትንሽ ነው፣ እሱንም ቢሆን ያሸከምኳት እኔ ነኝ።

ሁለቱን ወረቀቶች ፖስታው ውስጥ ታገኛቸዋለህ። ያንተን አውጣና አጠገባቸው አድርግ። ጠርዛቸው ይገጥማል። አባቴ እርጅና መጥቶበት ይዘባርቃል እንዳትል ነው የምልካቸው።

በጉባኤው ፊት ምን እንደምትል አላውቅም። የእኔን ስም ማንሣት ብትፈልግ አንሣ፤ "አባቴ አታለለኝ" በል፤ አልከፋም። እከፋለሁ፣ ግን ይገባኛል። ዝም ብትልም የአንተ ነው። ያቺን ወረቀት ከፍ አድርገህ "እግዚአብሔር ተናገረኝ" እንድትል ግን አልፈቅድም፤ ይሄ ብቻ ነው የቀረኝ ሥልጣን። እሱ ተናግሮህ ከሆነ በሌላ መንገድ ነው፤ ከሴትየዋ አጠገብ ይሁን ከፓምፑ ሥር፣ የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ በመካከላችሁ ገብቼ ጽፌያለሁ። እሱ ምን ሊጽፍ እንደነበር ከእንግዲህ ማወቂያ የለኝም።

እናትህ መጣች። ሻርፗን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ አብረን ልንሄድ ነው፤ ብቻዬን ብሄድ ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ እንደምመለስ ታውቃለች። አላመነችኝም፤ ልክ ናት። ጉልበቷን እያመማት እዚህ ድረስ በእግሯ መጥታለች።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ተቀመጥ። ለሚስትህ አንብብላት፤ ብቻህን አትሸከመው፤ ብቻ መሸከም ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ተማር። መልስ ባትጽፍልኝም በየቀኑ ፖስታ ሳጥኑን አያለሁ። እግዚአብሔር አንተን፣ ሚስትህን፣ ቁንጥንጧን ይጠብቅልኝ። እጃችሁ የነካውን ሁሉ ይባርክ። እኔ ያበላሸሁትን ገጽ ትቶ፣ ለአንተ የሚሆነውን እሱ ራሱ ይጻፍልህ። አሜን በል፣ እባክህ፤ የእኔ አሜን ብቻውን ደክሟል።

በደሉን የሚያውቅ፣ የሚወድህ
አባትህ

ልዘጋው ስል እናትህ ይሄንንም ጨምርበት አለችኝ። አልጋህ ሥር ትተኸው የሄድከው የመሣሪያ ሳጥን አለ አይደል? እኔ ስለ እሱ አስቤ አላውቅም። እሷ ለካ በየወሩ እያወጣች መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ዘይት ስትቀባ ኖራለች። ምን ልትይው ፈልገሽ ነው ብላት፣ "ምንም። አልዛገም በለው" አለችኝ።